ወደ ማዕድ ቤትና ወደ በረት የሚሄድ የኤሌክትሪክ መስመር ሲቀጠል ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ መጠጠት ሲጀምር በየግቢው የጥገና ሥራ ይበዛል። በዝናብ የዘመመው ማዕድ ቤት ይቃናል፤ የበረቱ ቆርቆሮ ይቀየራል፤ አዝመራው ከመግባቱ በፊት ጎተራው ይጠገናል። በዚህ መካከል ከዋናው ቤት ወደ እነዚህ ቤቶች የሚሄደው የኤሌክትሪክ ገመድ ተቆርጦ ወይም ተነቅሎ ለሳምንታት ይቆያል። ግንባታው ሲያልቅ የገመዱ ጫፎች ተጠማዘው በናስትሮ ይጠቀለላሉ፤ አምፖሉ ከበራም ሥራው እንደተጠናቀቀ ይቆጠራል።

የአምፖሉ መብራት የሚያረጋግጠው ግን ፌዙና ኒውትራሉ እስከዚያ መድረሳቸውን ብቻ ነው። የመሬት መስመር ይኑር አይኑር፣ የገመዱ ልባስ ተልጦ ቆርቆሮውን ይንካ አይንካ፣ ቅጥያው ምጣድ ሲሰካበት ይቻለው አይቻለው አምፖሉ አይናገርም። ሰውና ከብት የሚጎዱት ደግሞ በእነዚሁ ጉድለቶች ነው።

እስከ ቆጣሪው ያለው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሲሆን፣ ከቆጣሪው በኋላ ያለው የደንበኛው ኃላፊነት ነው። ከምሰሶ ወደ ቆጣሪ የሚመጣው ሽቦ ተበጥሶ ወይም ረግቦ ከተገኘ ሰውም ሆነ ከብት እንዳይቀርበው አድርጎ ለአገልግሎቱ በ905 የጥሪ ማዕከል ማሳወቅ ይገባል። የቆጣሪውን እሽግ መፍታትና ከቆጣሪው በፊት መስመር መሳብ ሕገ ወጥ ነው። በዚህ መንገድ የተሳበ መስመር አደጋ ሲደርስ የሚያቋርጠው የግቢ ብሬከርም አይኖረውም።

የማገናኘቱ ሥራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። የግቢው ባለቤት ድርሻ ምን መታየት እንዳለበት ማወቅና ሳይታይ እንዳይታለፍ መጠየቅ ነው።

ከሁሉ በፊት ዋናው ብሬከር ይጠፋል። በየቦታው የሚታየው ልማድ ግን ሌላ ነው፤ መብራት የጠፋበት ሰዓት ተጠብቆ ብሬከሩ ሳይወርድ ገመዱ ይነካካል። የጠፋው መብራት መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም፤ ሲመጣም እጁን ሽቦ ላይ ያሳረፈ ሰው መኖሩን አይጠይቅም። ብሬከሩን ካወረዱ በኋላ ሕፃን ወይም ጎረቤት መልሶ እንዳያበራው ሣጥኑን መቆለፍ፣ ካልሆነም አንድ ሰው አጠገቡ ማቆም ያስፈልጋል። ቀጥሎ ሽቦው በቴስተር ይፈተሻል። ቴስተሩ ራሱ የሚሠራ መሆኑ አስቀድሞ ኃይል ባለው ሶኬት ላይ መሞከር አለበት፤ የተበላሸ ቴስተር የሞተውንም ሕያውንም ሽቦ አንድ አድርጎ ያሳያል።

ከዚያ ገመዱ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። በጎተራ አካባቢ ያለፈ ገመድ በአይጥ የተቀረጠፈ ሊሆን ይችላል። ለቤት ውስጥ የተሠራ ገመድ ውጭ ሲዘረጋ ፀሐይ ልባሱን ታደርቀዋለች፣ ትሰነጥቀዋለች። በቆርቆሮ ስለታም ጠርዝ ላይ ያለፈ ገመድም ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ይላጣል፤ አንድ ቀን ግድግዳውና ጣሪያው በሙሉ ኃይል ይሸከማሉ። የልብስ ማስጫ ሽቦ ከኤሌክትሪክ ገመድ ጋር በአንድ የባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ መታሰሩም የተለመደ ነው፤ እርጥብ ልብስ የምታሰጣ እናት የምትይዘው ያንኑ ሽቦ ነው። ልባሱ የተጎዳ ገመድ በናስትሮ ተጠቅልሎ ከሚቀጥል በሙሉ ቢቀየር ይመረጣል። በመሬት ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ በፕላስቲክ ቱቦ ገብቶ፣ መቆፈሪያና ማረሻ በማይደርስበት ጥልቀት፣ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዶ መቀበር አለበት።

የገመዱ ውፍረት በተለይ ለማዕድ ቤት ወሳኝ ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ማዕድ ቤቱ ከዋናው ቤት 30 ሜትር ቢርቅና ገመዱ ለመብራት የሚሆነው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ቢሆን፣ በመንገድ ላይ ከ11 ቮልት በላይ ይጠፋል፤ 180 ዋት ያህል ኃይልም ገመዱን በማሞቅ ይባክናል። ምጣዱ ቀስ ብሎ ይግላል፣ ቆጣሪው ግን ይቆጥራል፤ ሙቀቱም ልባሱን ያቀልጣል። በ6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ የሚጠፋው 3 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ወፍራም ገመድ ሲገዙ ውድ መምሰሉ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ምጣድ ለሚሰካበት መስመር በሽቦ ውፍረት መቆጠብ አያዋጣም።

ብሬከር የሚመረጠውም በገመዱ አቅም ልክ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚወርድ ብሬከርን አውጥቶ በትልቅ መተካት፣ ወይም የተቃጠለ ፊውዝን በሽቦ ቁራጭ መቀጠል ገመዱን ያለ ጠባቂ መተው ነው፤ የሣር ክዳን ወይም ጭድ ባለበት ግቢ ደግሞ መዘዙ እሳት ነው።

ይሁንና ጤነኛ ብሬከርም ሰውን ከመያዝ አያድንም። 16 አምፔር ብሬከር 16 ሺህ ሚሊ አምፔር ሊያሳልፍ የተሠራ ነው፤ ሰውን ለመግደል ግን ከ100 ሚሊ አምፔር በታች ሊበቃ ይችላል። ሰውን የሚጠብቀው በባለሙያዎች ዘንድ አርሲዲ የሚባለው፣ ኃይል ወደ መሬት ሲያፈተልክ በቅጽበት የሚያቋርጠው መሣሪያ ነው። ለእንዲህ ያሉ ቤቶች የሚመረጠው 30 ሚሊ አምፔር የሚለው ነው። ፊቱ ላይ ያለችው የመፈተሻ ቁልፍ ስትጫን ካልወረደ ተበላሽቷልና መቀየር አለበት።

አብሮት መኖር ያለበት የመሬት መስመር ነው። አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው ሽቦ ከምጣዱ ብረት፣ ከቆርቆሮው ግድግዳና ከብረት ገንዳው ተነሥቶ ወደ መሬት ከተተከለ ዘንግ ይደርሳል። አንዳንዶች ዘንግ ለመትከል ከመድከም ኒውትራሉን በሶኬቱ ላይ ከመሬት መስመር ጋር ያገናኙታል። ኒውትራሉ በመንገድ ላይ የተበጠሰ ዕለት የምጣዱ አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል።

በበረት ጉዳዩ የባሰ ነው። ላም በእርጥብ እበትና ሽንት ላይ በባዶ ኮቴ ትቆማለች፤ የፊትና የኋላ እግሯ ርቀት ከሰው እርምጃ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሰው የማይሰማው ጥቂት ቮልት እርሷን ይነዝራታል። ከብረት ገንዳ ውኃ ለመጠጣት የምታመነታ፣ ወደ በረት አልገባም የምትል ወይም ስትታለብ በድንገት መራገጥ የጀመረች ላም የእንስሳት ሐኪም እስኪያያት ድረስ የበረቱ መስመር ቢጠፋና ጠባይዋ ቢለወጥ እንደሆነ ቢታይ አይከፋም።

ሥራው ሲያልቅ አምፖሎችና ዕቃዎች ሁሉ ከመስመሩ ተነቅለው ባለሙያው የልባሱን ጤንነት በመለኪያ ይፈትሻል፤ በ500 ቮልት ሲለካ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ያሳየ መስመር ኃይል ሊለቀቅበት አይገባም። ያለፈው መስመር መጀመሪያ በአምፖል፣ በመጨረሻ በምጣድ ይሞከራል። ግማሽ ሰዓት ከተጋገረ በኋላ ብሬከሩ ጠፍቶ ሶኬቱና መሰኪያው ሲዳሰሱ የሚፋጁ ከሆነ የላላ ማሰሪያ አለ ማለት ነው።

በመሬት ውስጥ የሄደ ገመድ ካለም ቦዩ ከመደፈኑ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ ከግድግዳውና ከአጥሩ ያለው ርቀትም ተለክቶ በማከፋፈያ ሣጥኑ ክዳን ውስጥ ይጻፍ። በሚቀጥለው ዓመት ለአጥር ወይም ለችግኝ ጉድጓድ የሚቆፍረው ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል።