አስተላላፊው ማን ነው?

«አስተላላፊ መርማሪ» የሚል ስም በላቦራቶሪዎች አካባቢ እየተለመደ መጥቷል። መጀመሪያ ያገኘሁት ወደ አማርኛ በተመለሰ የመሣሪያ መመሪያ ውስጥ ነበር፤ ቆየት ብሎ በሥልጠና ጽሑፍ ላይ አየሁት፤ አሁን ደግሞ በመሣሪያው ግንባር ላይ በወረቀት ተጽፎ ተለጥፏል። ሊባል የተፈለገው ኮንዳክቲቪቲ ዲቴክተር ነው። አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው ግን ይህን ስም ሲሰማ የሚታየው መዝገብ አጣርቶ ለዐቃቤ ሕግ የሚያስተላልፍ የፖሊስ ባልደረባ ነው። ሁለቱም ቃላት ለየብቻቸው ደህና አማርኛ ናቸው። የተገጣጠሙበት መንገድ ግን ስህተት ነው፤ ስህተቱም መሣሪያውን የሚተክለውንና የሚንከባከበውን ሰው ያሳስታል። ሥር ሳይሰድ ቢታረም ይሻላል።

ነገሩን ላቦራቶሪ የገባ ሰው በግማሽም ቢሆን ያውቀዋል። ጨው የሟሟበት ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ንጹሕ ውሃ እምብዛም አያስተላልፍም። ፈሳሹ ሁለት ኤሌክትሮዶች ባሉበት ትንሽ ሴል ውስጥ ሲያልፍ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል፤ አዮኖቹ በበዙ ቁጥር ንባቡ ይጨምራል። በአዮን ክሮማቶግራፊ አዮኖቹን ከሚለያየው ካለም የሚወጡት ፍሎራይድ፣ ክሎራይድ፣ ናይትሬትና ሰልፌት በየተራ በሴሉ ሲያልፉ እያንዳንዳቸው በሥዕሉ ላይ አንድ አንድ ጫፍ ያወጣሉ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ይብለጥ አይብለጥ ከሚታወቅባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ዘዴውን ሃሚሽ ስሞል፣ ቲሞቲ ስቲቨንስና ዊልያም ባውማን በዳው ኬሚካል ኩባንያ ሠርተው በ1975 እ.ኤ.አ. አሳተሙት።

እንግዲህ እዚህ ውስጥ አስተላላፊው ማን ነው? ፈሳሹ ነው። የመሣሪያው ሥራ ፈሳሹ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ተከታትሎ መናገር ነው። «አስተላላፊ መርማሪ» ስንል ግን «ጎበዝ ተማሪ» እንደማለት ይሆናል፤ ቅጽሉ የስሙን ጠባይ ስለሚገልጽ መሣሪያው ራሱ አስተላላፊ ሆኖ ቁጭ ይላል። አማርኛ ለዚህ ችግር ሁለት ትንንሽ መፍትሔዎች አሉት፦ ከፊት «የ»፣ ከኋላ «-ነት»። «አስተላላፊ» አድራጊውን ይጠራል፤ «አስተላላፊነት» ጠባዩን ይጠራል፤ «የአስተላላፊነት» ሲባል ደግሞ ተከትሎ የሚመጣው ነገር ጠባዩን የሚመለከት እንጂ የጠባዩ ባለቤት እንዳልሆነ ይታወቃል። ደግ ብለን ደግነት፣ ጀግና ብለን ጀግንነት የምንለው በዚሁ ሕግ ነው። ጥቂት ፊደላት ለመቆጠብ ተብሎ የትርጉሙ ባለቤት ተለወጠ።

የቃሉ ሥር «አለፈ» ነው፤ በግእዝ «ኀለፈ»። ከዚህ ከአንድ ግሥ አማርኛ ያፈራው ቤተሰብ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። «አሳለፈ» ማለት መንገድ ሰጥቶ እንዲያልፍ ማድረግ ነው፤ ድግስ ላይ ምግብና መጠጥ ለእንግዳ የሚያዳርሰውን ሰው አሳላፊ የምንለው ከዚህ ነው። «አስተላለፈ» ደግሞ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ማድረስ ነው፦ መልእክተኛ ቃል ያስተላልፋል፣ ትንኝ ወባ ታስተላልፋለች፣ ዳኛ ውሳኔ ያስተላልፋል፣ ቀጠሮ እንኳ ወደ ሌላ ሳምንት ይተላለፋል። ደንብ የሚተላለፍ ሰውም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። አንድ ግሥ ይህን ሁሉ ከተሸከመ በኋላ ቋንቋው ለሳይንስ አይበቃም የሚል ሰው ቋንቋውን ገና አልፈተነውም።

ከሌሎቹ አማራጮች ጆሮዬን ይበልጥ የሚስበው «አሳላፊነት» ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ መስታወት፣ ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ ሲባል ማንም ማብራሪያ አይጠይቅም፤ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ፈሳሽ ማለትም እንዲሁ ይገባል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ከኃይል ማስተላለፊያ መስመር ጋር አይምታታም። ያም ሆኖ አልመርጠውም። መዳብ ጥሩ የኤሌክትሪክ አስተላላፊ መሆኑን ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያውቃሉ። ከዚያ ላይ «ኢ-አስተላላፊ» እና «ከፊል አስተላላፊ» ተተክለዋል። አንዱን ቃል ነቅለን ሌላ ብናስገባ ሌሎቹ ሁሉ ዘመድ አልባ ይሆናሉ። ውብ ቃል አግኝቶ የተደራጀ ቤተሰብ መበተን ለተማሪውም ለቋንቋውም አይጠቅምም። ስለዚህ አስተላላፊነት።

«መሪነት» ያሉም አሉ። ከየት እንዳመጡት ይገባኛል። እንግሊዝኛው ከላቲን የወረሰው ቃል ሥሩ መምራት ነው፤ የፈሳሾችን አስተላላፊነት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በጥንቃቄ የለካው ፍሪድሪሽ ኮልራውሽ ይናገረው የነበረው ጀርመንኛም ነገሩን «የመምራት ችሎታ» ብሎ ነው የሚጠራው። ዐረብኛ ግን መምራትን ትቶ «ማድረስ» ከሚለው ግሥ ስም አወጣ፤ አላፈረበትም፣ አልተጎዳበትምም። እኛም «ማስተላለፍ»ን ስንይዝ ያደረግነው ይህንኑ ነው። በአማርኛ መሪነት የሰው ነው፤ የጨው ውሃ መሪ አይሆንም።

«ቃሉን እንዳለ እንውሰደው፣ ኮንዳክቲቪቲ እንበል» የሚሉትን ባለሙያዎች አከብራለሁ። አዮንን፣ ኤሌክትሮድን፣ ካለምን፣ ክሮማቶግራፊን እንዳሉ ወስደናል፤ እነሱን ለመተርጎም የሚደረግ ትግል አያስፈልግም። የአበባ እርሻ ሠራተኞችም የመስኖውን ውሃ አስተላላፊነት በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሉ «ኢሲው ስንት ነው?» ብለው ይግባባሉ። ኮንዳክቲቪቲ ግን ከእነዚህ ይለያል፤ ሐሳቡ አስቀድሞ በአማርኛ ስም አለው። የውጭውን ቃል በላዩ ስንጭንበት ወጣቱ ቴክኒሽያን በትምህርት ቤት የተማረው «አስተላላፊ» እና በእጁ የያዘው መሣሪያ አንድ ጉዳይ መሆናቸው ይሰወርበታል። ለአንድ ጠባይ ስም መስጠት ለማንም ቀላል ሆኖ አያውቅም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለመለኪያው ስም ሲያጡ የተቃውሞ መለኪያ የሆነውን «ኦም» ፊደሉን ገልብጠው «ሞ» ብለውት ነበር፤ ሲመንስ የሚለው ስም በዓለም አቀፍ ስምምነት የጸደቀው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። እነሱ ለቃላቸው እንዲህ ከለፉ እኛም መልፋት ይገባናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቃል። የ«መርማሪ» ጥፋት ቅርጹ አይደለም። አማርኛ በአብዛኛው ለመሣሪያ መለኪያ፣ ማጣሪያ፣ መቁረጫ የሚሉትን ዓይነት ቅርጾች ቢመርጥም፣ ያለ ሰው እጅ በራሱ የሚሠራውን ዕቃ በአድራጊ ስም ይጠራል፤ የመብራት ቆጣሪ፣ የውሃ ቆጣሪ እንደምንለው። ጥፋቱ ቃሉ አስቀድሞ በሰው መያዙ ነው። «መመርመሪያ» ብንለውም ምርመራ በላቦራቶሪ ቋንቋ ጠቅላላው ሥራ ነው፤ ናሙና ከመቀበል እስከ ውጤት መጻፍ። «መለያ» ደግሞ የካለሙን ሥራ ይቀማል፤ አዮኖቹን የሚለያየው ካለሙ ነው፣ ይህ መሣሪያ የሚቀበለው ተለያይተው የመጡትን ነው። «ጠቋሚ» በኬሚስትሪ ቀለሙን ለውጦ አሲድን ከቤዝ ለሚያሳውቀው ነገር ያገለግላል። «መለኪያ»ን ብርጭቆ ውስጥ እየነከሩ ለሚያነቡት የእጅ መሣሪያ እንተውለት፤ እሱ «የአስተላላፊነት መለኪያ» ቢባል በትክክል ይገልጸዋል።

የሚቀረው «ዳሳሽ» ነው፤ እኔም የምሟገተው ለእሱ ነው። ዳሰሰ ማለት ነክቶ ማወቅ ነው፤ በተለመደው ሴል ውስጥም ኤሌክትሮዶቹ ፈሳሹን ነክተው ነው የሚያውቁት። ቃሉ ለሴንሰር መዋል ከጀመረ ቆይቷል፣ ጆሮም ለምዶታል። አንድ ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፦ ኤሌክትሮዶቻቸው ከቱቦው ውጭ ሆነው ፈሳሹን ሳይነኩ የሚያነቡ ዓይነቶችም አሉ። መልሱ በራሱ በአማርኛ ውስጥ አለ። ከሳተላይት ምድርን ማየትን «የርቀት ዳሰሳ» ካልን ዳሰሳ ከእጅ አልፎ ሄዷል።

«የአስተላላፊነት ዳሳሽ» እንበለው። ስሙ ትክክል መሆኑን ለማየት መሣሪያውን ሲተክሉ ማሰብ ይበቃል። ጠባዩ የፈሳሹ ከሆነ፣ ፈሳሹን የሚለውጥ ሁሉ ንባቡን ይለውጣል። የፈሳሽ አስተላላፊነት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ 2 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ መሣሪያው መስኮት ሥርና ቀዝቃዛ አየር የሚነፍስበት ቦታ ላይ አይቀመጥም፣ የሴሉ ማሞቂያም ሙቀቱ እስኪረጋ ይጠበቃል። ከካለሙ ወደ ሴሉ የሚሄደው ቱቦ አጭርና ቀጭን ይሁን፤ ከረዘመ ተለያይተው የመጡት አዮኖች እንደገና ይቀላቀላሉ። ከመገጠሙ በፊት መስመሩ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። የፕላስቲክ ማሰሪያዎቹ በጣት ይጠብቃሉ፤ በመፍቻ ሲጠብቁ ይሰነጠቃሉ። አየር ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ አንዲት አረፋ ሴሉ ውስጥ ከቀረች ንባቡ ይዘላል፤ ለዚህም ከሴሉ መውጫ ላይ ቀጭን ቱቦ ታስሮ በመስመሩ ውስጥ መጠነኛ ግፊት ይጠበቃል። መሣሪያው ራሱ አስተላላፊ ነው ብሎ ያመነ ሰው ግን ንባቡ ሲዘል የሚከፍተው የኤሌክትሮኒክሱን ክዳን ነው።

ማስተካከያውም ከዚሁ ይመጣል። በሊትር 0.01 ሞል ፖታሲየም ክሎራይድ የያዘ ፈሳሽ በ25 ዲግሪ 1413 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ማንበብ አለበት። ፍጹም ንጹሕ ውሃ በዚያው ሙቀት 0.055 ብቻ ነው፤ ክፍት ዕቃ ውስጥ ሲቆይ ግን ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ንባቡ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ የትናንቱን ውሃ ዛሬ ንጹሕ ነው ብሎ ማመን አይቻልም። ሥራ ሲያበቃ ጨው ያለበት ፈሳሽ ሴሉ ውስጥ እንዲደርቅ አይተውም፤ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ኤሌክትሮዱ ከቆሸሸ ሴሉ ከካለሙ ተነጥሎ፣ በጓንትና በመነጽር፣ የአምራቹን መመሪያ ተከትሎ በቀጠነ ናይትሪክ አሲድ ይጸዳል፤ ከዚያም ንባቡ ተመልሶ ዝቅ እስኪል በውሃ ይለቀለቃል። ካለሙን ሳይነጥሉ አሲድ መልቀቅ ካለሙን ሊያበላሽ ይችላል።

ስሙ ሌላ ፈተናም ያልፋል። በጋዝ ክሮማቶግራፊ ውስጥ የጋዞችን ሙቀት የማስተላለፍ ጠባይ የሚከታተል መሣሪያ አለ፤ እሱን «የሙቀት አስተላላፊነት ዳሳሽ»፣ ይህን «የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ዳሳሽ» ብንል ወንድማማቾቹ ሳይምታቱ ይታወቃሉ። «አስተላላፊ መርማሪ» ሁለቱን ሊለይ አይችልም።

ከዳሳሹ በፊት ለሚቀመጠው ሰፕሬሰር ደግሞ «አፋኝ» የሚል ትርጉም እንዳይመጣ ከአሁኑ መናገር እፈልጋለሁ። ማፈን ድምፅ ማጥፋት ነው። ይህ መሣሪያ የሚፈለገውን አዮን አያፍንም። ተሸካሚው ፈሳሽ ሶዲየም ካርቦኔት ከሆነ ሶዲየሙን በሃይድሮጂን አዮን ተክቶ ፈሳሹን ደካማ አስተላላፊ ወደሆነው ካርቦኒክ አሲድ ይለውጠዋል፤ ክሎራይዱ ግን ከሁሉም ፈጣን ከሆነው ከሃይድሮጂን አዮን ጋር ስለሚጓዝ ንባቡ ይጎላል። ውጥረት ረገበ፣ ገመድ ረገበ እንላለን፤ የሚሆነውም ይኸው ነው፣ ከሥር ያለው ንባብ ይረግባል። «ማርገቢያ» ብዬዋለሁ። የተሻለ ያለው ባለሙያ ቃሉን ከነምክንያቱ ያቅርበው፤ መመሪያዎቹ ሳይታተሙ በፊት ብንነጋገርበት እወዳለሁ።