ኤችዲ ቪዲዮን ወደ ዲቪዲ መለወጥ

ኤችዲ ቪዲዮን ወደ ዲቪዲ መለወጥ ማለት በዘመናዊ ካሜራ ወይም በስልክ የተቀረጸን ከፍተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ ተራ የዲቪዲ ማጫወቻ በሚያነበው መልክ አዘጋጅቶ ዲስክ ላይ በርን ማድረግ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ሥራ ከሠርግ ቪዲዮ ጋር በጣም የተያያዘ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ፣ ለምሳሌ፣ የአዲስ አበባ ሙሽሮች ለፎቶና ለቪዲዮ ከሚወጡባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ቀረጻው በኤችዲ ወይም በፎርኬ ይካሄዳል፤ በወላጆች ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠው ግን የዲቪዲ ማጫወቻ ሊሆን ይችላል።

ማጫወቻው ለምን አያነበውም?

ዲቪዲ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን የሚቀበለው የምስል መጭመቂያ ኤምፔግ-2 (እንዲሁም አሮጌው ኤምፔግ-1) ብቻ ነው። ዛሬ ካሜራዎችና ስልኮች የሚጠቀሙበት ኤች.264 የጸደቀው በ2003፣ ኤች.265 ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ አንድን የኤምፒ4 ፋይል እንዳለ ዲስክ ላይ መገልበጥ ዳታ ዲስክ እንጂ የቪዲዮ ዲቪዲ አያስገኝም። ኮምፒዩተር ይከፍተዋል፤ ተራው ማጫወቻ ግን አያውቀውም። የፋይሉን ስም መጨረሻ መቀየርም ምንም አይጠቅምም።

ኢትዮጵያ የምትጠቀመው የፓል ሥርዓት ስለሆነ ዲቪዲው 720 በ576 ፒክስል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም መሆን አለበት። ሙሉ ኤችዲ 1920 በ1080 ነው፤ በፒክስል ብዛት ልክ 5 እጥፍ ይበልጣል። ፎርኬ ደግሞ 20 እጥፍ ነው። በለውጡ የሚጠፋው ዝርዝር ተመልሶ አይገኝም፤ ቦታ ለማስለቀቅ ተብሎ ዋናው ፋይል ከተሰረዘ ለቤተሰቡ የሚቀረው ያ ትንሹ ምስል ብቻ ነው።

የፓል ዲቪዲ ፒክስሎች አራት ማዕዘናቸው እኩል አይደለም። ሰፊው ምስል (16:9) ተጨምቆ ይቀመጥና ማጫወቻው መልሶ ይዘረጋዋል። ይህን የሚያዘው ምልክት በስህተት 4:3 ከተባለ ሙሽሮቹ ቀጥነውና ረዝመው ይታያሉ።

የቢት መጠንና የባሕር ዛፍ ችግር

ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ቢሊዮን ባይት ይይዛል። ይህ ወደ 37,600 ሜጋቢት ነው። ለ2 ሰዓት ቪዲዮ ሲካፈል በሰከንድ 5.2 ሜጋቢት ያህል፣ ለ3 ሰዓት ግን 3.5 ብቻ ይደርሳል፤ ድምፁም ከዚሁ ይቀነሳል። በሌላ በኩል የምስሉ መጠን ከ9.8 ሜጋቢት ማለፍ አይፈቀድለትም፤ ካለፈ ማጫወቻው ይንተባተባል።

እንጦጦ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ ለኤምፔግ-2 ከባድ ፈተና ነው። መጭመቂያው ቢት የሚቆጥበው ከአንዱ ፍሬም ወደ ሌላው ያልተለወጠውን ክፍል ደግሞ ባለመጻፍ ነው፤ ነፋስ የሚያወዛውዘው የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን በየፍሬሙ ይለወጣል። አዳራሽ ውስጥ በ3.5 ሜጋቢት ደህና የሚታይ ቪዲዮ ጫካው ላይ ሲደርስ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይበጣጠሳል። መፍትሔው ሁለት ዙር ኢንኮዲንግ ነው፦ ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ዙር አስቸጋሪዎቹን ቦታዎች ይለያል፣ በሁለተኛው ቢቱን ለእነሱ ያደላል። ሠርጉንና መልሱን በሁለት ዲስክ መክፈል ግን ከማንኛውም ዘዴ ይሻላል። ባለ 8.5 ጊጋባይት ባለ ሁለት ንብርብር ዲስክ ቢኖርም አሮጌ ማጫወቻዎች ያስቸግሩበታል።

ሌላው የጫካ ጉዳይ ቀለም ነው። ኤችዲና ዲቪዲ ቀለምን የሚያሰሉባቸው ቀመሮች ይለያያሉ፤ ፕሮግራሙ ካላስተካከለው አረንጓዴውና ቀዩ ከዋናው ፈንጠር ይላሉ።

ፍሬምና ፊደል

ብዙ ስልኮች በሰከንድ 30 ፍሬም ይቀርጻሉ። ወደ 25 ሲወርድ እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል። ከመጀመሪያው በ25 ወይም በ50 መቅረጽ ይመረጣል፤ የአገሪቱ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነም በአንዳንድ አምፖሎች ሥር የሚታየውን ብልጭታ ይቀንሳል።

ለአማርኛ ጽሑፍ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሀ»ን ከ«ሁ»፣ «ለ»ን ከ«ሉ» የሚለየው ትንሽ ቅጥያ በኤችዲ ጎልቶ ቢታይም 576 መስመር ላይ ሊጠፋ፣ ቀጭኑ አግድም መስመርም ሊርገበገብ ይችላል። ወፍራምና ተለቅ ያለ ፊደል ይመረጣል፤ ከቀይ ነጭ ይሻላል፣ ምክንያቱም ዲቪዲ የቀለምን ዝርዝር ከብርሃን ዝርዝር በግማሽ ወርድና በግማሽ ቁመት ነው የሚያስቀምጠው። በአንጻሩ የዲቪዲ የግርጌ ጽሑፍ በምስል መልክ ስለሚቀመጥ ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል ባይኖረውም በትክክል ያሳየዋል።

አሠራርና መላክ

እንደ ዲቪዲስታይለር ያለ ነጻ ፕሮግራም ቪዲዮውን ይለውጣል፣ ሜኑ ይሠራል፣ ዲስኩንም በርን ያደርጋል። ትእዛዝ መጻፍ ለለመደ ኤፍኤፍኤምፔግ የፓል ዲቪዲን ልኬቶች በአንድ ትእዛዝ የሚያስተካክል አማራጭ አለው፤ ሆኖም የዲስኩን ማውጫ አይሠራምና ሌላ ፕሮግራም ይጨመርበታል። ድምፁ 48 ኪሎኸርዝ መሆን አለበት። ዲስኩ በዝግታ ተቀድቶ መዘጋት ይኖርበታል፤ ያልተዘጋ ዲስክ ከቀዳው መሣሪያ ውጭ ብዙ ጊዜ አይነበብም።

ዲስኩ አሜሪካ ላሉ ዘመዶች የሚላክ ከሆነ ለብቻው መዘጋጀት አለበት። እዚያ የሚሠራበት ኤንቲኤስሲ 720 በ480 ፒክስልና በሰከንድ 29.97 ፍሬም ሲሆን በዚያ ገበያ የተሸጡ ብዙ ማጫወቻዎች ፓልን አይቀበሉም። የአካባቢ ቁጥር (ሪጅን ኮድ) ከዚህ ጋር ይምታታል፤ ኢትዮጵያ በአካባቢ 5 ብትመደብም በቤት የተሠራ ዲስክ ያለ ገደብ ስለሚዘጋጅ እንቅፋቱ እሱ አይደለም። የኤንቲኤስሲው ቅጂ ከፓሉ ዲቪዲ ሳይሆን ከዋናው ኤችዲ ፋይል ይሠራል።