የደም ዓይነት፣ ሾተላይ እና የኅብለ ሰረሰር ክፍተት

የኅብለ ሰረሰር ክፍተት (ስፓይና ቢፊዳ) የፅንሱ አከርካሪ በወጉ ሳይገጥም ቀርቶ ነርቮቹ ያለ መከለያ የሚቀሩበት የአፈጣጠር ጉድለት ሲሆን፣ የሚከሰተውም በፅንሰት የመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት፣ ማለትም ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው።

የወላጆች የደም ዓይነት ለዚህ ጉድለት መንስኤ መሆኑ አልተረጋገጠም። ሾተላይ የሚባለው፣ የደም ዓይነቷ አርኤች ኔጌቲቭ የሆነች እናት ሰውነት የፅንሱን ፖዘቲቭ ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያጠቃበት ችግር፣ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል እንጂ አከርካሪን አይከፍትም፤ ስለዚህ ሁለቱን ማምታታት እናቶችን ከትክክለኛው መከላከያ ያርቃል።

መከላከያው ፎሊክ አሲድ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመው የብሪታንያ ጥናት፣ ቀደም ሲል ይህ ጉድለት ያለበት ልጅ የወለዱ እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው ሲወስዱት ጉድለቱ ዳግም የመከሰት ዕድሉ በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በአዲስ አበባ ሦስት ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ ከ10,000 ወሊዶች በ126ቱ የነርቭ ዘንግ ክፍተት (የኅብለ ሰረሰር ክፍተትንም ይጨምራል) አግኝቷል፤ ይህ እጅግ ከፍተኛ ቁጥር ነው።

ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. የፋብሪካ ስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ አወጣች። ሆኖም ለምሳሌ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች ዙሪያ ያለው ገበሬ በቆሎውንና ጤፉን በሰፈሩ ወፍጮ ቤት ስለሚያስፈጭ የበለጸገው ዱቄት ወደ ቤቱ እምብዛም አይደርስም። ጎመንና ምስር ፎሌት (የፎሊክ አሲድ ተፈጥሯዊ ዓይነት) ቢኖራቸውም፣ ጎመኑ ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ ጥቂት የማይባለው አብሮ ይፈሳል። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ከፅንሰቱ ቢያንስ አንድ ወር ቀድማ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ መውሰድ ልትጀምር፣ ቀደም ሲል ይህ ጉድለት ያለበት ልጅ የወለደች ግን ከፍ ያለ መጠን እንዲታዘዝላት ሐኪም ልታማክር ይገባል።