512 ባይት በሚይዝ ቦታ 536 ባይት

እስቲ አንድ ነገር ቁጠሩ። «ሰላም» ስንት ፊደል ነው? ሦስት። ኮምፒውተር ውስጥ ግን፣ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ቃሉ 9 ባይት ነው። ፊደሉን ብቻ ቆጥራችሁ 3 ባይት የሚይዝ አሬይ አዘጋጅታችሁ ቃሉን ብትገለብጡበትስ? የተረፉት 6 ባይቶች የት ይገባሉ?

እንደ ቋንቋው ነው። ጃቫ ቦታው እንደማይበቃ አይቶ እምቢ ይላል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤል ላብስ ውስጥ የተሠራው ሲ ግን አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ቀጥሎ ባለው ሜሞሪ ላይ ይጽፋል፣ እዚያ የነበረውንም ይደመስሳል።

ይሄ ጣጣ ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ነው። ሮበርት ታፓን ሞሪስ የሚባል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ራሱን እያባዛ ከማሽን ወደ ማሽን የሚሄድ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። (አባቱ የአሜሪካ መንግሥት የኮምፒውተር ደኅንነት ሳይንቲስት ነበሩ፤ አስቡት እንግዲህ!) ፕሮግራሙ ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ፊንገር የሚባለው አገልግሎት ነበር። ፊንገር «ማን ማሽኑ ላይ አለ?» ለሚል ጥያቄ ይመልሳል፤ ጥያቄውን የሚቀበልበት ባፈር 512 ባይት ነው። የሚያነብበት ጌትስ የተባለ ትእዛዝ ግን የባፈሩን መጠን የሚነገርበት መንገድ እንኳ የለውም። ሞሪስ 536 ባይት ላከ። ትርፎቹ 24 ባይቶች የወደቁት ፕሮግራሙ ሥራውን ሲጨርስ የሚመለስበት አድራሻ በተጻፈበት ቦታ ላይ ነው። አድራሻው ስለተቀየረ ማሽኑ ወደ ራሱ ሥራ መመለሱን ትቶ ሞሪስ የላከውን ኮድ መፈጸም ጀመረ።

በዚህም በሌሎቹም በሮች የተያዙት ኮምፒውተሮች ወደ 6,000 እንደሚደርሱ ተገምቷል። ፕሮግራሙ ፋይል አላጠፋም፤ ግን አንዱ ማሽን ላይ ደጋግሞ እየገባ በሥራ ብዛት አንቆ ያዛቸው። ሞሪስ በ1990 የ3 ዓመት የገደብ ቅጣት፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር ተፈረደበት። በኋላ ኤምአይቲ ፕሮፌሰር ሆኗል። ጌትስስ? ከሲ ቋንቋ ደረጃ የተሰረዘው በ2011 ነው። እኔን ይህ ከቅጣቱ ይልቅ ይገርመኛል፤ 23 ዓመት እኮ ነው!

በ2014 ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ መጣ። ኦፕንኤስኤስኤል ብዙ ድረ ገጾች ምስጢራቸውን የሚቆልፉበት ሶፍትዌር ነው። ውስጡ «አለህ ወይ?» የሚል መልእክት ሲመጣ ያንኑ ገልብጦ የሚመልስ ክፍል አለ። ላኪው የመልእክቱን ርዝመት ራሱ ይናገራል፣ ሰርቨሩም ያምነዋል። አንድ ባይት ልካችሁ «64 ሺህ ነው» ካላችሁ፣ ሰርቨሩ ያቺን አንድ ባይት ከነጎረቤቶቿ ገልብጦ ይሰጣችኋል። ጎረቤቶቿ የሰው የይለፍ ቃል፣ አንዳንዴም የሰርቨሩ የምስጢር ቁልፍ ሊሆኑ ይችላሉ። ስህተቱ ሃርትብሊድ ተባለ፤ ኮዱ ውስጥ ተቀምጦ ሳይታወቅ ከ2 ዓመት በላይ ቆይቷል።

ማስተካከያው ጥቂት መስመር ነበር፦ የተነገረው ርዝመት በእርግጥ ከደረሰው ከበለጠ፣ መልስ አትስጥ።