የብረት ቅንጣቶች አሰላለፍ በነቀርሳ ሕክምና ታሪክ

ነቀርሳን በሙቀት ለማከም የተደረገውን ድካም ስንመረምር አንድ ነገር እናስተውላለን። ሊቃውንቱ በማግኔት ስለሚሞቁት ቅንጣቶች መጠንና ብዛት ብዙ ዘመን ሲመራመሩ፣ አሰላለፋቸውን ግን አጥብቀው የጠየቁት ዘግይተው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1957 ጊልክሪስት የተባለ የቺካጎ የቀዶ ጥገና ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ከ20 እስከ 100 ናኖሜትር የሚሆኑ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶችን ወስዶ፣ በሰከንድ 1.2 ሚሊዮን ጊዜ በሚመላለስ የማግኔት ኃይል አሞቃቸው። አንድ ናኖሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ማግኔቱ ሲመላለስ ቅንጣቷ ልትከተለው ትታገላለች፤ ትግሉም ሙቀት ይሆናል። በ1993 ዮርዳን የተባለው ጀርመናዊ ከባልደረቦቹ ጋር በፈሳሽ ውስጥ የተበተኑ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ሰው በሚችለው የማግኔት ኃይል ከትልልቆቹ የበለጠ እንደሚሞቁ አሳየ። በ2010 ደግሞ ሕክምናው ለአንጎል ዕጢ በአውሮፓ ተፈቀደ።

ነገር ግን በጠርሙስ ውስጥ የተለካው ሙቀት በሰውነት ውስጥ ያው ሆኖ አይገኝም። ሕዋስ ቅንጣቶቹን ውጦ በትንንሽ ከረጢቶች ያጭቃቸዋል። እንደ ጓል የተከመሩ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ሙቀታቸውም አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። ይህን ለማካካስ የማግኔቱን ኃይል እናብዛ ቢሉ ጤነኛው ገላ አብሮ ይሞቃል፤ በሽተኛውም አይችለውም። እንግዲህ ጭንቁ እዚህ ላይ ነው።

የሚያስገርመን ግን መልሱን የሚጠቁም ፍጥረት አስቀድሞ መታወቁ ነው። በ1975 ብሌክሞር የተባለው አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ጭቃ ውስጥ ማግኔትን ተከትለው የሚዋኙ ባክቴሪያዎች መኖራቸውን ጻፈ። በሆዳቸው ብረት ያለባቸው ቅንጣቶች እንደ መቁጠሪያ ተደርድረው ነበር። በሰንሰለት ሲሰለፉ የአንዷ ጫፍ የሌላዋን ተቃራኒ ጫፍ ስለሚደግፍ፣ ሰልፉ በሙሉ እንደ አንድ ረዥም መርፌ ይሆናል፤ መገልበጡ ይከብዳል፤ ማግኔቱ የመገልበጥ አቅም ካለው ግን በእያንዳንዱ ምልልስ የሚወጣው ሙቀት ይበዛል። ማርቲኔዝ ቡቤታና ባልደረቦቹ ይህን ከባክቴሪያዎቹ ተምረው ለሕክምና ያቀረቡት በ2013 ነው፤ 38 ዓመት መሆኑ ነው። በእኛ አስተያየት የዘገየው ዕውቀት ጠፍቶ ሳይሆን፣ የባክቴሪያ ተመራማሪውና ሐኪሙ የየራሳቸውን መጽሔት ብቻ ስላነበቡ ይመስላል።

ሰንሰለቱም ቢሆን ቅድመ ሁኔታ አለው። የማግኔቱ አቅጣጫ ከሰልፉ ጋር ሲገጥም ሙቀቱ ይበዛል፤ በጎን ሲመጣ ይቀንሳል። በዕጢ ውስጥ ደግሞ ሰንሰለቶቹ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን ሆነው ይቀመጣሉ፤ ሕዋሱም ሲውጣቸው ሊበጥሳቸው ይችላል።