ማክሮ በማክሮ ውስጥ፦ ሰማያዊ የተቀባው ቃል

ጌም ስትጫወቱ ውሃው የሚያንጸባርቀው፣ ጥላው የሚንቀሳቀሰው ሼደር በሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ነው። የሼደሩ ጽሑፍ ኮምፓይለር ዘንድ ከመድረሱ በፊት ደግሞ በአንድ በረኛ በኩል ያልፋል፤ ፕሪፕሮሰሰር ይሉታል። ሥራው ማክሮ የሚባል አጭር ስም ሲያገኝ በትርጉሙ መተካት ነው።

ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ እንሞክረው። «ብርሃን» ማለት «ጥላ + 1» ነው እንበል፤ «ጥላ» ደግሞ «ብርሃን * 2»። አሁን «ብርሃን» ብላችሁ ጻፉ። ብርሃን ጥላን ያመጣል፣ ጥላ ብርሃንን ይመልሳል፣ እሱም እንደገና ጥላን... በቃ፣ ማሽኑ ሲሽከረከር ያድራል።

ጣጣው ከሼደር በፊት የነበረ ነው። እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ስትራቼ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ጂፒኤም በተባለው ሥርዓት ማክሮ ራሱን መጥራት ይችል ነበር፤ የት እንደሚቆም ማሰብ የጸሐፊው ፈንታ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለሲ ቋንቋ ፕሪፕሮሰሰር ሲጨመር ግን ደንቡ በዝርዝር አልተጻፈም። ስለዚህ ያው አንድ ጽሑፍ እዚህ ማሽን ላይ አንድ ነገር፣ እዚያ ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

መላውን ያመጣው በ1983 የተቋቋመው የሲ ደረጃ አውጪ ኮሚቴ ነው። አልጎሪዝሙን የጻፈለት ዴቭ ፕሮሰር ሐሳቡ፣ በእኔ ግምት፣ ከችግሩ ይልቅ ያምራል፦ እያንዳንዱ ቃል ከየትኞቹ ማክሮዎች ሆድ እንደወጣ የሚናገር ዝርዝር ተሸክሞ ይዞራል። የራሱ ስም ዝርዝሩ ውስጥ ካለ አይነካም። ፕሮግራመሮች ይህን «ሰማያዊ ተቀባ» ይሉታል፤ ቀለሙም አይለቅም። የእኛ ምሳሌ «ብርሃን * 2 + 1» ላይ ይቆማል፣ ሁለተኛው ብርሃን ተቀብቷልና።

ደንቡ በ1989 በጸደቀው የሲ ደረጃ ውስጥ ገባ። በ2004 ከኦፕንጂኤል 2.0 ጋር የመጣው የሼደር ቋንቋ ጂኤልኤስኤልም ፕሪፕሮሰሰሩን ከዚሁ ቤተሰብ ወረሰ።

ግን አንድ ወጥመድ አለ። «እጥፍ(ሀ)» ማለት «ሀ * 2» ይሁን። «እጥፍ(እጥፍ(3))» ብትጽፉስ? የውስጡ እጥፍ ከውጪው ሆድ የወጣ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ የሰጣችሁት። ስለዚህ በቅንፍ ውስጥ ያለው ቀድሞ ይዘረጋል፣ ከዚያ በ«ሀ» ቦታ ይገባል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ግን የውስጡን ሰማያዊ ይቀባውና «እጥፍ(3) * 2» ላይ ተገትሮ ይቀራል። ፕሪፕሮሰሰር ለመሥራት ከተነሳችሁ መጀመሪያ ይህችን መስመር ስጡት፤ «3 * 2 * 2» መውጣት አለበት።