ወርቁን ያገኘ ሰሙን ይቁጠር

በጋዜጦቻችንና በመጽሔቶቻችን የኋላ ገጽ ላይ «ወደ ጎን»፣ «ወደ ታች» እየተባለ የሚወጣውን የቃላት ጨዋታ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። በረከቦት ዙሪያ ቡናው ሁለተኛው እስኪደርስ፣ በሐኪም ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ እስኪደርስ፣ ስንቱ ጊዜውን ገፍቶበታል! ጨዋታው ገር ነው። «የኬንያ ዋና ከተማ» ይላል፤ ናይሮቢ ብለን እንሞላለን። ካላወቅን አላወቅንም፤ ማሰብ ብዙም አይረዳን። የሚፈተነው ትውስታችን እንጂ ብልሃታችን አይደለም።

እንግሊዞች ግን ሌላ ዓይነት አላቸው። የእነሱ መጠይቅ ላይ ላዩን ሲነበብ ተራ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ስለ ሻይ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ አንድ ቄስ የሚያወራ ይመስላል። ውስጡ ግን ለሁለት ይከፈላል። ከዳሩ አንደኛው ወገን የመልሱ ቀጥተኛ ፍቺ ነው፤ ሌላው ወገን ያንኑ መልስ በፊደል እየገጣጠመ፣ እየቆረጠ፣ እያገላበጠ ይሠራዋል። ነገሩ በአማርኛ እንዲገባን አንድ ላብጅ፦ «የንብ ውጤት፣ ቀጥሎም ያኛውም፤ በየወሩ በ21 ትከበራለች (4 ፊደል)»። የንብ ውጤት ማር ነው። ያኛውም ማለት ያም ነው። ማር እና ያም ሲጋጠሙ ማርያም። በየወሩ በ21 የምትከበረውም እሷው ናት። እዚህ ላይ ፈቺው መልሱ ትክክል ይሁን አይሁን ማንንም አይጠይቅም፤ ሁለቱ መንገዶች አንድ ቦታ ሲገናኙ መልሱ ራሱ ይመሰክርለታል። ከመጠይቁ ውስጥ ሥራ የፈታ አንድም ቃል አልቀረም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የቃላት ጨዋታው ራሱ ዕድሜው አጭር ነው። አርተር ዊን የሚባል፣ ሊቨርፑል ተወልዶ አሜሪካ የገባ ጋዜጠኛ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1913 «ኒው ዮርክ ወርልድ» ላይ የመጀመሪያውን አወጣ። እንግሊዞች ተቀበሉትና አወሳሰቡት። በ1926 «ኦብዘርቨር» ላይ «ቶርኬማዳ» በሚል ስም የሚጽፍ ሰው ጀመረ፤ እሱ ሲሞት በ1939 የተተካው ደግሞ «ዚሜነስ» ተባለ። ሁለቱም የስፔን መናፍቃን መርማሪዎች ስም ነው! አንባቢውን እንደሚያሠቃዩት ያውቁ ነበር ማለት ነው። ይኸው ዚሜነስ በ1966 የሙያውን ሕግ በመጽሐፍ አወጣ። የሕጉ ፍሬ ነገር፣ መጠይቅ አዘጋጁ አንባቢውን ማሳሳት መብቱ ነው፣ መዋሸት ግን ክልክል ነው የሚል ነው። ለየትኛውም ቃል መጨረሻ ላይ መልስ መስጠት አለበት።

የቅኔ ቤትን ደጅ የረገጠ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ይሄማ የኛ ነው!» ይላል። ቀስ እንበል። የኛ ነው ብሎ መኩራት ቀላል ነው፤ የኛው ምን እንደሆነ መመርመር ይበልጣል።

ሰምና ወርቅ የሚለውን ቃል ዛሬ በየመድረኩ እንሰማዋለን፤ የወርቅ አንጣሪው ሥራ መሆኑን ግን ረስተነዋል። አንጣሪው መጀመሪያ የጌጡን ቅርጽ በሰም ይሠራል። ሰሙን በጭቃ ያለብሰዋል። ጭቃው ሲጠነክር በእሳት ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በለቀቀው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። ልብ በሉ፦ ወርቁ የሚይዘው ቅርጽ የሰሙን ቅርጽ ነው። ሰሙ ጎደሎ ከሆነ ወርቁም ጎደሎ ነው።

የቅኔ ተማሪ ግሱን፣ አገባቡን ከተማረ በኋላ ቀኑን ከቁጥቋጦ ሥር ደበሎውን ተከናንቦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ይጀምርና እያደር ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። የቆጠረውን ለመምህሩ ያቀርባል። መምህሩ የሚጠይቁት ወርቁን ብቻ አይደለም። ይህ ቃል ለሰሙ ምን ሠራ? ለወርቁስ? ኅብሩ የት ላይ ነው? በሁለቱም በኩል የማያገለግል ቃል ከተገኘ ቅኔው ይመለሳል። መልካም ሆኖ በማሕሌት ሲቀርብ ደግሞ ሊቃውንቱ «ይበል!» ይላሉ። ያ «ይበል» ፈታሁት ማለት ነው። ስላልገባው ያደነቀ ሊቅ አልነበረም፤ ቢያንስ መሆን አልነበረበትም።

ለቅኔ እንግዲህ ጎጃም ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ። ወሎም ዋድላ አለ። የኔ ከተማ ጎንደር የምትጠራው በአቋቋምና በትርጓሜ ነው። ጎንደሬ ሆኜ ቅር ብሎኝ ያውቃል፤ አሁን ግን ክብሩ እንደሚበልጥ እንጂ እንደማያንስ ይሰማኛል። ሌላው ሀገር ሲያስር፣ ጎንደር ስትፈታ ኖረች ማለት ነዋ! ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከቆረቆራት ወዲህ በነበሩት ሁለት መቶ ዓመታት፣ ግዕዙን መጽሐፍ በአማርኛ የመተርጎሙ ሙያ በጎንደር ጉባኤ ቤቶች ደረጀ። ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት ተብሎ በአራት ጉባኤ ተከፈለ። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ሁለት ወገኖች ነበሩ፤ የታች ቤቱ ስም ከመምህር ኤስድሮስ ጋር ይነሣል። ነገሩ በቃል የሚወርድ ነበር፤ ለኅትመት የበቃው በሃያኛው መቶ ዓመት ነው።

የዚህ ሙያ ቁልፉ «አንድም» የምትባለው ቃል ናት። መምህሩ አንዱን ኃይለ ቃል ያነባሉ፤ በነጠላው ይተረጉማሉ። ከዚያ «አንድም» ይሉና ሌላ ያመጣሉ። እንደገና «አንድም»። ሁለተኛው የፊተኛውን አያፈርሰውም፤ ከጎኑ ይቀመጣል። ከእንግሊዞቹ ጨዋታ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ እነሱ ዘንድ መልስ አንድ ብቻ ነው፣ ሳጥኑም ሌላ አይቀበልም። ነገር ግን «አንድም» ማለት «እንደፈለጋችሁ» ማለት አይደለም። እያንዳንዱ አንድም ሐተታ አለው፤ ከምን ተነሥቶ እንደመጣ፣ በየትኛው ታሪክ ወይም በየትኛው ሌላ ጥቅስ እንደተደገፈ ይነገራል። ሐተታ የሌለው አንድም ወሬ ነው።

ይህን ሳስተምር ምሳሌ እሻ ነበር። የሊቃውንቱን ቅኔ ከማዋስ ይልቅ በገዛ እጄ የሠራሁትን ይሻላል ብዬ ያበጀኋት ሁለት ስንኝ አለች። ማራኪ ማለት ጎንደር ከተማ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው፤ የዩኒቨርሲቲው አንደኛው ግቢም በዚሁ ስም ይጠራል።

ልማር ብዬ ገብቼ ማራኪ ደጅ ሳለሁ፣
አራት ዓመት ሆነኝ መቼ እለቀቃለሁ?

ሰሙ የተማሪ እሮሮ ነው። ትምህርት ፈልጎ ማራኪ ግቢ ገባ፤ አራት ዓመት ሞላው፤ መቼ ነው የምመረቀው ይላል። አሁን እንፍታ። «ልማር» ትምህርት ልቅሰም ነው፤ ምሕረት ላግኝ፣ ይቅር ልባልም ነው፤ በአጻጻፍም በአነባበብም ልዩነት የለውም። «ማራኪ» ሰፈር ነው፤ ሰው የሚማርክም ነው። «ገብቼ» ወደ ግቢ መግባት ነው፤ በኛ አገር ደግሞ ጫካ የከረመ ሽፍታ እጁን ሲሰጥ «ገባ» ይባላል። «ደጅ» የግቢ በር ነው፤ ደጅ የሚጠናበት የጌታ ደጅም ነው። እናላችሁ፣ ወርቁ «ምሕረት ፈልጌ እጄን ሰጥቼ በማራኪዬ ደጅ ታግቻለሁ» ይላል።

ጎበዝ ተማሪ እዚህ ሲደርስ ብዕሩን ያስቀምጣል። አላለቀም! በፈቃዱ የገባን ሽፍታ ማን ማረከው? ከገባ ምርኮኛ አይደለም፤ ምርኮኛ ከሆነ አልገባም። «ገብቼ» እና «ማራኪ» በሽፍታው ታሪክ ውስጥ ይጣላሉ። ሁለቱ የሚታረቁበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው በገዛ እግሩ ገብቶ የሚማረክበት፣ ማራኪው ደግሞ ቆንጆ የሚሆንበት። ፍቅር ነው። ሽፍታው መሰላል ነበር።

ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት የገረመኝ ነገር አለ። አብዛኛው ተማሪ «ስለ ፍቅር ነው» የሚለውን ከእኔ ቀድሞ ይናገር ነበር። «እንዴት አወቅህ?» ስለው ግን ዝም! ወርቁን ገምቶታል፤ ሰሙን አልቆጠረውም። በፈተና ወረቀት ላይ «ገጣሚው በሰሙ ተማሪን፣ በወርቁ ፍቅርን ይገልጻል» ብሎ ይጽፋል፤ ዐረፍተ ነገሩ እውነት ነው፤ ሥራው ግን ባዶ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ መልስ ግማሽ ማርክ እሰጥ ነበር። ጨካኝ ነው ተብዬ ታምቻለሁ።

አሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ አማራው ባህል የጻፈውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ ሰየመው። ቅኔውን አድንቆ፣ ነገር ግን በኅብር መናገር የኑሮ ጠባይ ሆኗል፤ ሰው ሐሳቡን ይሸሽግበታል፤ ዘመናዊ አስተዳደር ደግሞ ቀጥተኛ ቋንቋ ይሻል አለ። ብዙዎቻችን ተቆጣን። በኋላ በ1985 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ራሱ ለአሻሚ ቋንቋ ጥብቅና ቆሟል። ለነገሩ የመጀመሪያው ትዝብቱ ሐሰት አልነበረም። እኔን የሚጎድልብኝ፣ ሚዛኑ ሁሉ ወደ አሳሪው ማድላቱ ነው። የሚሸሽግ ሰው እንዲፈታበት አይፈልግም። ባለ ቅኔው ግን ካልተፈታለት ቅኔው ሞተ። አንዱ እንዳይያዝ ይናገራል፤ ሌላው እንዲያዝ። ከውጭ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ።

ይህን ልዩነት መርሳታችን ያስከፍለናል። ዛሬ ዘፈን ሲወጣ፣ ድራማ ሲታይ፣ አንድ ባለሥልጣን የአንገት ልብስ ሲቀይር «ወርቁ ምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም። አንዱ «ስለ እገሌ ነው» ይላል፤ አገር ይቀበለዋል፤ የዘፈነው ሰው ጓደኛ ያጣል፣ ጠላት ያፈራል። «ከየትኛው ቃል አገኘኸው? የቀሩት ቃላትስ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንድም አለ፣ ሐተታ ጠፋ።

እንግሊዞችም ይህን ቀምሰውታል። በጥር 1942 በጦርነቱ መሀል «ዴይሊ ቴሌግራፍ» የቃላት ጨዋታውን ከ12 ደቂቃ በታች የሚፈታ ሰው ፈልጎ ውድድር አካሄደ፤ ከፈቱት አንዳንዶቹን መንግሥት በምስጢር ጠርቶ የጀርመንን ስውር መልእክት በሚፈታው በብሌችሊ ፓርክ ቀጠራቸው። ሙያው አገር ጠቀመ። በ1944 ደግሞ እዚያው ጋዜጣ ላይ «ዩታ»፣ «ኦማሃ»፣ «መልቤሪ»፣ «ኔፕቱን»፣ «ኦቨርሎርድ» የሚሉ ቃላት በመልስነት ተከታትለው ወጡ። ሁሉም የኖርማንዲ ወረራ ምስጢራዊ ስሞች ነበሩ! የስለላ ሰዎች ወደ አዘጋጁ ወደ መምህር ሌናርድ ዶው ዘንድ ሄደው መረመሩት። ሰላይ አልነበረም፤ ለቀቁት። ከአርባ ዓመት በኋላ ከተማሪዎቹ አንዱ፣ መምህራችን ሳጥኑን በቃላት እንድንሞላ ይሰጠን ነበር፤ ቃላቱንም አጠገባችን ከሰፈሩ ወታደሮች የሰማናቸው ነበሩ አለ። መርማሪዎቹን የማመሰግናቸው ግን ቃላቱን አይተው ሰውየውን ስላልሰቀሉት ነው። ጠየቁ፤ ማስረጃ ፈለጉ፤ አጡ፤ ተመለሱ።

አማርኛ ለዚህ ጨዋታ የተፈጠረ ቋንቋ ይመስለኛል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ «ገና» ብለን ጽፈን በዓሉም ይሁን «ጊዜው አልደረሰም» አንባቢው ይወቅ። በሌላ በኩል ችግር አለ። እያንዳንዱ ሳጥን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ «ማራኪ» ለእኛ ሦስት ሳጥን ብቻ ነው፤ የሚያቋርጠው ቃል ደግሞ «ራ»ን እንጂ «ረ»ን ወይም «ሩ»ን ይዞ መምጣት አይችልም። 33ቱ ፊደል በ7ቱ ድምፅ ሲባዛ 231 ነው፤ ከ26 የእንግሊዝ ፊደል ጋር አስተያዩት። ሀሌታው «ሀ»ና ሐመሩ «ሐ»፣ ንጉሡ «ሠ»ና እሳቱ «ሰ» በአንድ ሳጥን ይገናኙ አይገናኙ የሚለው ክርክርም አለ። ይሁን፤ አስቸጋሪ ነው እንጂ የማይቻል አይደለም። ደፍሮ የሚጀምር የጋዜጣ አዘጋጅ ቢኖር የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት «ያለፈው መልስ» ብሎ በጥቁር የተሞላ ሳጥን ብቻ እንዳያወጣ፤ ከሥሩ ለእያንዳንዱ መጠይቅ ሐተታውን፣ ቃል በቃል፣ ያትምልን።